ሐዋሳ ቀረ፣ ጉዞው ግን አልቀረም፦ ከልጅ ጋር በአዲስ አበባ ሁለት ቀን እንዴት ይኬዳል?

ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የመኪናችን ፍሪሲዮን እጅ ሰጠ። መካኒኩ አየት አድርጎ «ከማክሰኞ በፊት አትጠብቃት» አለኝ። ቤት ስደርስ ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። የሰባት ዓመቷ ልጄ የዋና ልብሷን ከቀሚሷ ሥር ለብሳ ትጠብቀኛለች። በማግስቱ ንጋት ላይ ወደ ሐዋሳ ልንሄድ ነበር፤ እኔና እሷ ብቻ። እናቷ ቅዳሜና እሁድ ተረኛ ነበረች።

በሕዝብ ማመላለሻ መሄድ ይቻል ነበር። ሐዋሳ ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የመናኸሪያው ወረፋ፣ የመንገዱ ድካም፣ እሁድ ከሰዓት የመመለሻ መኪና ፍለጋው ሲደመር ለልጅቷ የሚተርፋት ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ቀረን። ቤት ግን አልቀረንም። አያት ካለው ኮንዶሚኒየማችን ሻንጣ ይዘን ወጣን፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ አደርን፤ እሁድ ማታ ተመለስን። ደስ ስላላት ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ደግመነዋል።

ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ የሚሆን ነው። ከዚያ በታች ለሆነ ሕፃን ግማሹን ቀንሱ። እኔ ከአያት ስለተነሳሁ መንገዱ ከዚያ ይጀምራል፤ ከለቡ ወይም ከአየር ጤና የምትነሱም ብትሆኑ ከአራት ኪሎ በኋላ ያለው ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ለልጁ ዛሬውኑ ንገሩት፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁት

ብዙ ወላጅ ዜናውን ለጠዋት ያሳድረዋል። «አሁን ብነግራት ሳትተኛ ታድራለች» ይላል። እኔ ግን ማታውኑ መንገር ይሻላል ባይ ነኝ። ልጅ ጠዋት ጓጉቶ ነቅቶ «ቀረ» ሲባል ሐዘኑ እጥፍ ነው። ማታ ከሰማ አልቅሶ ይተኛል፤ ጠዋት የሚነቃው ለአዲሱ ዕቅድ ነው።

ስትነግሩ እውነቱን አሳጥራችሁ ንገሩ። «መኪናዋ ተበላሽታለች፤ ነገ ሐዋሳ አንሄድም» በቂ ነው። «ምናልባት ነገ ከሰዓት ትሠራ ይሆናል» እያላችሁ ተስፋ አትስጡ። ልጄ አለቀሰች። እንድታለቅስ ተውኳት። አቅፌያት ቁጭ አልኩ። አሥር ደቂቃ ገደማ ፈጀ።

ሲወጣላት ነው ጥያቄውን የጠየቅኋት። «ማሚዬ፣ ሐዋሳ ላይ ከሁሉም በላይ የጓጓሽለት ምንድን ነው?» ሐይቁን ትለኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በጣቷ እየቆጠረች ሦስት ነገር ነገረችኝ። አንደኛ፣ ሆቴል ማደር። ሁለተኛ፣ እንስሳት ማየት፤ ጦጣዎቹን በፎቶ አይታቸዋለች። ሦስተኛውን ስትነግረኝ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «አባዬ፣ ስልክህን አትነካም ብለኸኝ ነበር።»

የሁለቱን ቀን ዕቅድ ያወጣሁት በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቼ ነው። ሆቴል አዲስ አበባም አለ። እንስሳትም አሉ። ስልኬን ማስቀመጥ ደግሞ መኪና አይፈልግም። ሐይቁ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም የኔ ጉጉት ነበር። ልጃችሁን ሳትጠይቁ የምትክ ዕቅድ አታውጡ። እናንተ ትልቅ ነው ያላችሁት ነገር ለልጁ ትንሽ ሊሆን ይችላል። የልጃችሁን መልስ ወረቀት ላይ ጻፉትና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት። ልጁ ቃሉ እንደተያዘለት ያያል።

ቀጥሎ፦ ዓርብ ማታ የሚደወሉ ስልኮች

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ለዚያ ሆቴል ደውሉ። ገንዘቡን መልሱልኝ አትበሉ፤ ቀኑን ቀይሩልኝ በሉ። ገንዘብ መመለስ ብዙ ቦታ ያስቸግራል። ቀን መቀየር ግን የማይጎዳቸው ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። የተስማማችሁበትን ቀን በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። በኋላ ክርክር እንዳይነሳ ነው።

ሁለተኛው ስልክ ስለ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እሁድ ጠዋት መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በወሩ መጨረሻ እሁድ መኪና ተከልክሎ ሰው በእግሩ የሚንሸራሸርባቸውና ስፖርት የሚሠራባቸው ጎዳናዎች አሉ። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ አለ። የካቲት መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ደግሞ ዋና ዋና መንገዶች በድንገት ይዘጋሉ። ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ እሱን ጠይቁት፤ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሦስተኛው፣ ልትሄዱባቸው ለምታስቡት ቦታዎች ነው። ሙዚየሞችና ፓርኮች ለስብሰባ ወይም ለእንግዳ ሲባል የሚዘጉበት ቀን አለ። የመግቢያ ዋጋም ይቀያየራል። «ነገ ክፍት ናችሁ? የልጅ ስንት ነው? የመጨረሻው መግቢያ ስንት ሰዓት ነው?» ሦስቱን ብቻ ጠይቁ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለቤንዚንና ለመንገድ ምግብ የያዛችሁትን አትንኩት ብለው የሚመክሩ አሉ። እኔ አልስማማም። የጉዞው ገንዘብ የጉዞው ይሁን። እኛ ለቤንዚን ከያዝነው አብዛኛውን ለአልጋ አዋልነው። ለልጄ ደግሞ 200 ብር በእጇ ሰጠኋት። በሁለቱ ቀን የፈለገችውን ትግዛበት፤ ካለቀ አለቀ። ሱቅ በደረስን ቁጥር «ግዛልኝ» የሚለው ጭቅጭቅ በዚህ ቀረ።

አልጋ መምረጥ

ይህን በደንብ አስቡበት። ቤት ተመልሶ ማደር ይቀላል፤ ይረክሳልም። ግን ልጁ ማታ የራሱ አልጋ ላይ ከተኛ ጉዞ መሆኑ ይቀራል፤ ሁለት ቀን መዋል ብቻ ይሆናል። አቅም ካለ አንድ ሌሊት ውጭ እደሩ።

ቦታው ቅዳሜ ከምትውሉበት ሰፈር ቅርብ ይሁን። ለእኛ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ መካከል ተመቸን። ሁሉም ፔንሲዮን ግን ለልጅ አይሆንም። ቅዳሜ ማታ ከሥሩ ግሮሰሪ ያለበት፣ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጮህበት፣ ደጁ ላይ ሰው የሚገባ የሚወጣበት አለ። የእንግዳ ማረፊያ ወይም ቤተሰብ የሚያርፍበት ትንሽ ሆቴል ፈልጉ። ስትደውሉ «ከልጄ ጋር ነኝ፤ ቤተሰብ ያርፍባችኋል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የሚያመነታ ድምፅ ከሰማችሁ ሌላ ቦታ ደውሉ። ሙቅ ውኃ ሁልጊዜ አለ ወይስ በሰዓት ነው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ? ቁርስ ይጨምራል? ሁለት አልጋ ያለው ክፍል አለ? መንገድ ዳር ያልሆነ ክፍል ለምኑ።

መታወቂያችሁን ብቻ ሳይሆን የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ኮፒም ያዙ። በተለይ አባት ከሴት ልጁ ጋር ብቻውን ሲያድር እንግዳ ተቀባዩ ሊጠይቅ ይችላል። ሲጠይቁኝ ቅር አላለኝም። እንዲያውም ሌላውን ሁሉ እንዲህ ቢጠይቁ ብዬ ተመኘሁ።

ሻንጣው

የሐዋሳው ሻንጣ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግማሹን መቀየር ነበረብን። ሐዋሳ ይሞቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ ማታ ይበርዳል። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ካልሲ ጨምሩ። ሶፍትና ሳሙና በትንሽ ላስቲክ ያዙ፤ በየሽንት ቤቱ አታገኙም። ውኃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ ይኑራችሁ። ዣንጥላው በጋም ቢሆን አይቅር።

የዋና ልብሷን «ላውጣው?» አልኳት። «ይቀመጥ» አለች። ሻንጣው ውስጥ ቀረ፤ አላስወጣኋትም።

ስለ መጥፋት ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ሳላችሁ ተነጋገሩ። ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ፤ የሚችል ከሆነ በቃሉ አስጠኑት። ከቤት ስትወጡ የለበሰውን ልብስ ጨምራችሁ ፎቶ አንሱት። ሰው ሲደናገጥ የልጁን ሹራብ ቀለም እንኳ ይረሳል። አንድ ቦታ በደረሳችሁ ቁጥር «ከተጠፋፋን እዚህ ጋ ቁሚ» ብላችሁ የሚታይ ነገር አሳዩ። እሷ ትቁም፤ የምትፈልገው እናንተ ናችሁ። ሁለታችሁም የምትፈላለጉ ከሆነ አትገናኙም።

ቅዳሜ ጠዋት፦ በባቡር

ራይድ ጠርቶ በግማሽ ሰዓት አራት ኪሎ መድረስ ይቻላል። ለልጅ ግን ባቡሩ ራሱ ጉዞ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አንደኛው መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላኛው ከሰሜን ወደ ቃሊቲ ይሄዳል። ልጄ በየቀኑ በሥሩ ታልፋለች እንጂ ተሳፍራ አታውቅም ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ውጡ። ዝርዝር ብር ያዙ። ባቡሩ ሲመጣ ለመግባት የሚጋፋው ሰው ብዙ ከሆነ ይለፋችሁ፤ ቀጣዩን ጠብቁ። ስትገቡ ልጁን ከፊታችሁ አድርጉት፤ ከኋላ እጅ እየያዛችሁ አትጎትቱት። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ውስጥ አስገቡ። ከተቻለ በስተግራና በቀኝ መስኮት የሚያይበት ቦታ ላይ አቁሙት።

መንገዱን ለልጁ ሥራ አድርጉት። እኔ የጣቢያዎቹን ስም በወረቀት ጻፍኩላት፤ በደረስን ቁጥር ምልክት ታደርጋለች። ሲኤምሲ፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፣ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤል። አማርኛ ማንበብ የተማረችው በቅርቡ ስለነበር በየጣቢያው የተጻፈውን ጮክ ብላ ታነባለች። አጠገባችን የቆሙ አንዲት እናት ከሃያ ሁለት በኋላ አብረዋት ማንበብ ጀመሩ። እስጢፋኖስ ወይም ስታዲየም ላይ ውረዱ። መስቀል አደባባይ እዚያው ነው። ደረጃዎቹን ወጥታችሁ ትንሽ ተቀመጡ። ልጁ ይሩጥ። ሰፊ ቦታ የሌለበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ይህ ብቻውን ደስታ ነው።

አደባባዩ አጠገብ ስለ ቀይ ሽብር የሚያሳይ ሙዚየም አለ። የሰዎች አፅምና ፎቶ አለበት። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ አትግቡ። ካደገ በኋላ ግን አብራችሁ ሂዱ።

ከዚያ በታክሲ ወደ አምስት ኪሎ። በአራት ኪሎ በኩል ስታልፉ ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አታንሱ። ቤተ መንግሥቱና ፓርላማው ያሉበት ስለሆነ ጥበቃዎች ያስቆማሉ። ልጅ ፊት መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ብሔራዊ ሙዚየም፦ ሦስት ነገር ብቻ

ከልጅ ጋር ሙዚየም ሲገባ ትልቁ ስህተት ሁሉንም ለማየት መሞከር ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ። ሦስት ነገር ምረጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አዘጋጁ።

ቤት ሳላችሁ የልጁን ቁመት በሜትር ለኩ። የልጄ 1 ሜትር ከ18 ነበር። ለምን እንደለካኋት አልነገርኳትም። ምድር ቤት ወርደን ድንቅነሽ ጋ ስንደርስ ነው የነገርኳት። ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ነበር። «አንቺ ትበልጫታለሽ» አልኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። ቆማ የምትታየው ቅርጽ አጠገብ ሄዳ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝን ጥያቄ ብዛት አልቆጠርኩትም።

ስለዚህ መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአጥንቷ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ልጄ «እውነተኛዋ ናት?» አለችኝ። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። እንዲህ ብላችሁ እውነቱን ንገሩት። «አዎ፣ እውነተኛዋ ናት» ብላችሁ አትለፉት። ልጄ ስትሰማ አልከፋትም። «እንዳትሰበር ነዋ!» አለች።

ሁለተኛው ሰላም ናት። ይህቺን አትዝለሉ። በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። ብዙ ሰው የድንቅነሽ ልጅ ይላታል። ግን ሰላም የኖረችው 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ከድንቅነሽ ትቀድማለች። ይህን ለልጅ ማስረዳት ደስ ይላል። «ሕፃኗ ከትልቋ ሴትዮ በፊት ነው የኖረችው» ስላት ልጄ ቆም ብላ አሰበች። «ታዲያ እናቷስ?» አለች። እናቷ አልተገኘችም አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ልጅ ሲያስብ ቶሎ ማውራት አያስፈልግም።

ሦስተኛውን ልጁ ራሱ ይምረጥ። ልጄ የነገሥታት ልብስ መረጠች። የናንተ ጋሻና ጦር ሊመርጥ ይችላል።

ምሳ፣ ዕረፍት፣ ስድስት ኪሎ

ምሳ ልጁ የሚያውቀውን ብሉ። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ምግብ፣ ድካም አንድ ላይ ሲመጡ ልጅ ይነጫነጫል። ፓስታ በዳቦ ወይም ፍርፍር ይበቃል። ሽንት ቤቱን ከማዘዛችሁ በፊት እዩት። ንጹሕ ካልሆነ ሌላ ቤት ግቡ።

ከዚያ ወደ አልጋችሁ ሂዱና እረፉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። «ቀኑ ይባክናል» ይላል። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ጋደም ያላለ ልጅ 11 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ያለቅስባችኋል። ለልጄ ደግሞ ዋናው ደስታ እዚህ ነበር። የክፍሉን ቁልፍ ይዛ በሩን ራሷ ከፈተች። ሁለቱንም አልጋ ሞከረቻቸው። ትንሿን ሳሙና አሽትታ ለእናቷ አስቀመጠችላት።

9 ሰዓት ገደማ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሰውን ጭፍጨፋ ያስታውሳል። ለሰባት ዓመት ልጅ «እዚህ ከተማ ብዙ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ተገደሉ፤ እንዳንረሳቸው ነው ሐውልቱ የቆመው» ማለት ይበቃል። ዝርዝሩ ይቆይ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የተቀመጠው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከልጅ ጋር ለመሄድ ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱም ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልጅነት ይጀምራል፣ ወደ ጉልምስና ያልፋል፣ ሞት ላይ ይጨርሳል። ከልጅ ጋር ስትሆኑ የልጅነቱ ክፍል ላይ ብዙ ቆዩ። «አባዬ፣ አንተ ልጅ ሆነህ በምን ትጫወት ነበር?» መባላችሁ አይቀርም። እኔ ስለ ብይና ስለ ጨርቅ ኳስ ነገርኳት። ከዚህ በፊት ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤትም ይታያል። ንጉሥ የሚታጠብበትን ገንዳ ማየት የማይፈልግ ልጅ የለም።

ስትወጡ ከፊት ለፊት ወደ ላይ እየተጠመዘዘ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። የሠሩት ኢጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ ለቆየበት አንድ ዓመት ነው። ልጁ እርከኖቹን ይቁጠር። ሲጨርስ «ጫፉ ላይ ምን አየህ?» በሉት። ጫፉ ላይ ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው። ነፃነት ሲመለስ የኛ ሰዎች አስቀመጡት። የየካቲት 12ን ታሪክ ከሰማ በኋላ ይህን ማየቱ ልጅን ያሳርፈዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፤ መጀመሪያ ሐውልቱ፣ ከዚያ ደረጃው።

ቅዳሜ ማታ

ብዙ አታቅዱበት። ልጁ ጉልበት ካለው ወዳጅነት ፓርክ ሄዳችሁ ውኃውን በመብራት እዩ። ከደከመው እራት ብሉና ተኙ። እኛ ተኛን። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁት፤ ለእናቷ ደወልን፤ ከዚያ አጠፋሁት። ቃል የገባሁት ነገር ስለሆነ ሁለቱንም ቀን ስልኬን ያወጣሁት ለመደወልና ለፎቶ ብቻ ነው። ይህን የምታደርጉ ከሆነ ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ዓርብ ማታ አሳውቁ። ካልነገራችኋቸው ሐሳባችሁ ስልኩ ጋ ይሆናል።

እሁድ፦ አንዱን ምረጡ

እሁድ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ፤ አንድነት ፓርክና እንጦጦ። ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ ከሆነ ከአልጋችሁ ቅርብ ያለውን በጠዋት ሳሙ፤ ከዚያ ተነሱ።

እንስሳት ለሚወድ ልጅ አንድነት ፓርክ ይሻላል። በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። የፍተሻ ወረፋ ስላለ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ትልቅ ቦርሳ አትያዙ። የምኒልክን የግብር አዳራሽና የዙፋን ቤቱን መጀመሪያ እዩ፤ የእንስሳቱን ክፍል ለመጨረሻ አቆዩት። በተቃራኒው ካደረጋችሁ ልጁን ከአንበሶቹ ጋ መንቀል አትችሉም። ጥቁር ጎፈር ያለውን አንበሳ ስታይ ልጄ እጄን ጨበጥ አደረገች። የሐዋሳን ጦጣ ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። ጫማው ምቹ ይሁን፤ ግቢው ሰፊ ነው።

መሮጥና መጫወት ለሚወድ ደግሞ እንጦጦ። በሁለተኛው ጉዟችን እሁድ የሄድነው እዚያ ነው። ፓርኩ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው። የልጆች መጫወቻ፣ ፈረስ፣ በገመድ መንሸራተቻ አለ። ለእያንዳንዱ የሚከፈለው ለየብቻ ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት «ሁለት ጨዋታ ትመርጫለሽ» በሉ። መጀመሪያ ዞራችሁ ሁሉንም እዩ፤ ከዚያ ይምረጥ። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ልጁ ቶሎ ይደክመዋል። ዳገት ላይ አታጣድፉት። ሻይ በየመሃሉ ይጠጣ።

ከተማው የሚታይበት ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ምኒልክና ጣይቱ መጀመሪያ የኖሩት እዚህ ተራራ ላይ ነው። ብርዱ ከባድ ነበር። ታች ፍል ውኃ ነበር። ጣይቱ እዚያ ወርደው ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተጀመረች። ይህን ስነግራት ልጄ ወደ ታች እያየች «ባቡራችን የት ነው?» አለች። ጥሩ ጨዋታ ሆነልን። መስቀል አደባባይን ፈለግን። የተኛንበትን ሰፈር ፈለግን። አያት የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ አሳየችኝ፤ ትክክል ነበረች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም ልታዩ ትችላላችሁ። ልጁ ይጠይቃል። ዝም አትበሉት፤ እንጨቱን ሸጠው ልጆቻቸውን እንደሚያሳድጉ ንገሩት። ሲያልፉ መንገድ ልቀቁላቸው።

ዝናብ ከያዛችሁ

ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላውን በጣሪያ ሥር አቅዱ፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ሳይንስ ሙዚየሙ መንካትና መሞከር ለሚወድ ልጅ ጥሩ ነው። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ትልቅ ስለሆነ አንድ ከሰዓት ይበላል። ገንዘብ ካለቀባችሁ አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። የልጆች ክፍል አለው። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት መጽሐፍ አንብባችሁ ትወጣላችሁ።

መመለሻ

እሁድ ከ11 ሰዓት በፊት ጉዞ ጀምሩ። በማግስቱ ትምህርት አለ። ሻንጣ ይዞ በታጨቀ ባቡር መግባት ይከብዳል፤ ስለዚህ ሲመለሱ ታክሲ ወይም ራይድ ይሻላል። ልጁ መኪና ውስጥ ይተኛል። ቤት ሲደርስ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ዩኒፎርሙን አዘጋጅቶ እንዲተኛ ሁለት ሰዓት ይተርፈዋል።

ዓርብ ማታ ፍሪጅ ላይ የለጠፋችሁትን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ። ልጄ «ሆቴል» ላይ ምልክት አደረገች። «እንስሳት» ላይም። «ስልክ» ላይ ስትደርስ አየችኝ። ከዚያ ሁለት ምልክት አደረገችበት።

ወረቀቱን ሳላነሳው ከሥሩ ከሆቴሉ ጋር የተስማማንበትን የሐዋሳ ቀን ጻፍኩበት። የዋና ልብሷን ከሻንጣው አውጥታ በሩ ጀርባ ላይ ያለው መንጠቆ ላይ ሰቀለችው።